እትዬ ሃሊና ግንብ ለግንብ ያዞሩን ነሐሴ

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን ጓሮው ያለውን ዴክ የሚባል አሮጌ የእንጨት በረንዳ ማፍረስ ጀመረ። ሰፈራችን ታራዴል ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ስለተጠጋጉ አንዱ ሽንኩርት ሲያቁላላ ሌላው ያነጥሳል። ጠዋት በሁለት ሰዓት የመጋዝ ድምፅ ስሰማ ደሜ ፈላ፤ ያጠብኩትን ልብስ እንዳቀፍኩ ልቆጣው ወጣሁ። ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዘመን የበላው ጥድ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሽታ፣ ሙጫም፣ አቧራም፣ አይጥም ያለበት ሽታ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሰውየው መጋዙን አጥፍቶ ረበሽኩሽ ወይ አለኝ። ኧረ ቀጥል አልኩት። አጥሩን ተደግፌ ሽታውን ስስብ የያዝኩትን ልብስ ረሳሁት።

እንደዚህ የሚሸት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የገባሁት አሥር ዓመቴ ላይ ነው። ፖላንድ ውስጥ።

ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። የካልጋሪ ሐበሻ ልጅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወይ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ይላካል፣ ወይ ባንፍ ተወስዶ ተራራ ፊት ፎቶ ይነሳል፣ አለዚያም እንደኔ ቤዝመንት ውስጥ ቲቪ ላይ ተጥዶ ይከርማል። ፖላንድ ማን ይሄዳል? እኔ ሄጃለሁ። ለዚያውም በፍልሰታ፣ ሙሉውን ጾም ለመጀመሪያ ጊዜ ልጾም በፎከርኩበት ዓመት።

እናቴ ሆም ኬር ትሠራ ነበር፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች መርዳት ነው። ያኔ የምንኖረው ፎረስት ሎን የሚባል ሰፈር ነው፤ አባቴ ትራክ ስለሚነዳ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ከእናቴ ደንበኞች አንዷ ከቤታችን ጥቂት አለፍ ብሎ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሃሊና የሚባሉ የፖላንድ ሴት ነበሩ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ዎከር በሚባለው ባለ አራት እግር ድጋፍ ነው የሚሄዱት፤ ምላሳቸው ግን ማንንም ያስከነዳል። ቫንኩቨር ያለው ልጃቸው ሲደውል እንኳ መጀመሪያ ተቆጥተው፣ ከዚያ ነው ሰላም የሚሉት። እናቴ እኔን የምትተውበት ስለሌላት ብዙ ቀን ይዛኝ ትሄዳለች። እሳቸውም ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ምነው ከሳሽ እያሉ በጨውና በእንስላል የዘፈዘፉትን ኪያር ያጎርሱኝ ነበር።

እናቴ "እትዬ ሃሊና" ነበር የምትላቸው። የአሮጊት ስም በባዶው መጥራት አፏ እምቢ ይላታል። አንድ ቀን ምን ማለት ነው ብለው ጠየቋት፤ ታላቅ እህት ማለት ነው አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አላናገሩንም። እናቴ ምን አጠፋሁ እያለች ኩሽናውን ሁለት ጊዜ ወለወለችው።

ምንም አላጠፋችም። ነገሩን እኔ የሰማሁት ኋላ ነው፤ ለእናንተ ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። እትዬ ሃሊና ዞፊያ የሚባሉ ታናሽ እህት ነበሯቸው። እሳቸው በሃያ ሁለት ዓመታቸው መንደራቸውን ጥለው ካናዳ ሲገቡ ዞፊያ እዚያው ቀሩ። ዓመታት አለፉና እናታቸው አልጋ ላይ ወደቁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያገላበጧቸው፣ ያጎረሷቸው፣ ያጠቧቸው ዞፊያ ናቸው፣ ብቻቸውን። እትዬ ሃሊና ለፋሲካ እመጣለሁ ብለው ይጽፋሉ፣ ፋሲካው ያልፋል። ለሚመጣው ይላሉ፣ እሱም ያልፋል። ሥራ አለ፣ ልጅ ታሟል፣ ዛሬ ነገ እየተባለ እናታቸው ሞቱ። ያኔ ዞፊያ አንዲት ደብዳቤ ላኩ፤ እናታችን በር በሩን እያየች ሞተች፣ ከእንግዲህ ብትመጪ በር የሚከፍትልሽ የለም የምትል። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት፣ አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

እና በዚያ ዓመት እትዬ ሃሊና ተነሱ። ሳልሞት አገሬን ልይ አሉ። ለልጃቸው የነገሩት ግንብና የድሮ ቤተ ክርስቲያን ልጎበኝ ነው ብለው ነው፤ የእህታቸውን ነገር የነገሩት ለእናቴ ብቻ ነው። ልጅየው የምታግዝሽ ሰው ከሌለች አይሆንም አለ፤ እናቴ ልጄን የት ልጣላት አለች፤ እትዬ ሃሊና ደግሞ ማሂ ካልመጣች እኔም እቀራለሁ ብለው ስልኩን ዘጉበት። ማሂ እኔ ነኝ። በሁለተኛው ሳምንት ፓስፖርቴ ላይ በሚለጠፈው ፎቶ እንዳልስቅ ተጠንቅቄ ቁጭ አልኩ።

እናቴ ከመሄዳችን በፊት ለነፍስ አባቷ ደውላ ካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ብገባስ ብላ ጠየቀች። እመቤታችን ካለችበት ተሳልመሽ ውጪ፣ ብዙ አትመራመሪ ብለዋት ተገላገለች። ሻንጣዋን ግማሹን ሽሮና በሶ ሞላችው። አባቴ እዚያ ምግብ የለም ያለሽ ማነው ብሎ ሳቀባት፤ አንተ ዝም ብለህ ትራክህን ንዳ አለችው።

ክራኮው ላይ ወርደን መኪና ተከራየን። እናቴ መሪውን ይዛ፣ እትዬ ሃሊና ከጎኗ ሆነው መንገዱንም አነዳዷንም እየተቆጡ፣ እኔ ከኋላ ከዎከሩ ጋር ተቆልፌ ወደ ምሥራቅ ነዳን። ፖድካርፓቺ የሚባል አገር ነው፤ ኮረብታ፣ የበቆሎ ማሳ፣ እንደገና ኮረብታ። ያረፍነው አንዲት ሴትዮ እንግዳ በምታሳድርበት ቤት ነው። ሴትዮዋ በየጠዋቱ ስስ ስስ አድርጋ የቆረጠችውን የአሳማ ሥጋ በትሪ ታመጣለች፤ እናቴ በየጠዋቱ ታማትባለች። እትዬ ሃሊና "ፖስት፣ ፖስት" እያሉ ያስረዳሉ፤ ጾም ማለት ነው በእነሱ ቋንቋ። ሴትዮዋ እኔን እያየች አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ልጅ በረሃብ የምትቀጣ እናት መስላት መሆን አለበት። እኔ ደግሞ ኮራሁ። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር የምትጾመው፣ እኔ እስከ ስድስት። ከምግብ ሌላ ጾም የሚያፈርሰውን ሁሉ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ስለነገሩን ቆጥሬ ይዤዋለሁ፤ ስድብ፣ ቁጣ፣ ውሸት። ያን ዓመት አንዱንም ላላደርግ ነው።

የእትዬ ሃሊና መንደር ካረፍንበት ቤት አርባ ደቂቃ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት እናቴ ዛሬ እንሂድ አለቻቸው። ዛሬ ግንብ እንይ አሉ። በሁለተኛውም ጠዋት ግንብ። በሦስተኛው ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት ግንብ። አጥፈው ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀመጧት የቱሪስት ካርታ ላይ መንደራቸው በእርሳስ ተከቧል፤ እኛ ዙሪያዋን እንዞራለን እንጂ ወደ መሃሉ አንገባም። እኔ መንገዱ የጠፋቸው መሰለኝ። ያን ያህል ዓመት ከቆዩ ሊጠፋቸው ይችላል ብዬ አዘንኩላቸው፤ ካርታውን እያየሁ በዚህ ብንታጠፍስ እያልኩ ከኋላ ወንበር እመክራቸው ነበር። እናቴ ዝም በይ ስትለኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

እናቴ ለግንብ ግድ የላትም። ጎንደር ተወልዳ ያደገች ሰው ናት፤ ግንብ ሥር ነው ሱዚ የዘለልኩት ትላለች። ሰው ሁሉ አንጋጦ ሲደነቅ እሷ ጠጋ ብላ ድንጋዩን በጣቷ ትነካና ምርጊቱ አዲስ ነው ብላ ታልፋለች። እኔ ግን በግንብ ፍቅር አበድኩ። ክራሺቺን የሚባል ነጭ ግንብ አለ፣ አራት ማዕዘኑ ላይ አራት ማማ ያለው። አንዱ የእግዚአብሔር፣ አንዱ የጳጳሱ፣ አንዱ የንጉሡ፣ አንዱ የመኳንንቱ ነው አሉን እትዬ ሃሊና። እንደ አፓርትመንት እዚያ የሚኖሩ ነው የመሰለኝ። የእግዚአብሔር ነው የተባለው ሥር ቆሜ አንጋጥጬ ጠበቅሁ። እርግብ እንጂ ሌላ አልወጣም። ቢሆንም እትዬ ሃሊናን መንገዳቸውን አሳያቸው ብዬ ለመንኩ፤ እዚያ ድረስ ከሄድኩ አይቀር።

ዋንትሱት በሚባል ከተማ ያለው ደግሞ የመሳፍንት ቤተ መንግሥት ነው። ወለሉ እንዳይጫር ተብሎ ጫማችን ላይ የምናጠልቀው ትልልቅ የሱፍ ነጠላ ጫማ ሰጡን፤ እየተንሸራተትን ገባን። ባለፈው ቀን ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ሰው ሁሉ ከነጫማው ዘው ብሎ ነበር፣ ከእናቴ በስተቀር። እሷ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ ስትገባ ጠባቂው ሰውዬ አሟት እንደሆነ ጠይቋታል። ስለዚህ እዚህ ጫማ ሸፍኑ ሲባል ነገሩ ተገለጠልኝ። "እማዬ፣ እግዚአብሔር የሚኖረው እዚህ ነው ማለት ነው?" አልኳት። እትዬ ሃሊና እናቴ ስትተረጉምላቸው ሳቁ። ፖላንድ ከገባን ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ትልቁ ጉድ የመጣው ሳኖክ ላይ ነው። እዚያ ከወንዝ በላይ ያለው ግንብ ውስጥ ከየገጠሩ የተሰበሰበ የድሮ ሥዕለ አድኅኖ ሞልቷል፤ እመቤታችን ልጇን አቅፋ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ፣ ቅዱስ ሚካኤል በሰይፉ። እናቴ ለግንቡ ሁሉ ዘግታው የቆየችው ፊቷ በራ። የኛ ናቸው እኮ፣ የኛ! አለች። ነጠላዋን አጣፋች። ከዚያ ሙዚየም መሆኑን ረስታ፣ ወይም እያወቀች፣ ወደ መጀመሪያዋ እመቤታችን ሄዳ በግንባሯ ተሳለመች። ግድግዳው ጮኸ። የማንቂያው ደወል ጩኸት ፎቁን ሁሉ አዳረሰው፣ ሁለት ጠባቂዎች እየሮጡ መጡ። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በአማርኛ ይቅርታ ትላለች፤ እትዬ ሃሊና በዎከራቸው መሃል ገብተው ጠባቂዎቹን በፖላንድኛ ያብጠለጥሏቸዋል። ምን እንዳሏቸው እናቴ ኋላ ጠየቀቻቸው። ይህች ሴት ሥዕል ፊት ስትቆም ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች፣ እናንተ ግን ረስታችኋል አልኳቸው አሉ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብተው ካርታዋን ዘረጉና ነገ መንደሬ እንሄዳለን አሉ።

በነጋታው ጠዋት መኪናው ሳይነሳ እናቴን አስማሏት። ቤተ ክርስቲያኗን ከውጭ አይተን እንመለሳለን፣ እኔ ከመኪና አልወርድም፣ ማን እንደሆንኩ ለማንም አትናገሪም አሏት። እናቴ እሺ አለች። እሺ አልበቃቸውም። ከእናቴ የተማሯትን አንዲት የአማርኛ መሐላ አመጡ።

"ማሪያምን በይ።"

እናቴ እጇ መሪው ላይ እንዳለ አየቻቸው። በፍልሰታ፣ በእመቤታችን ጾም፣ በማርያም ማስማል ምን ማለት እንደሆነ እሳቸው አያውቁም። እናቴ ታውቃለች።

"ማሪያምን" አለች ቀስ ብላ።

በመንገዱ ላይ ባንዲራና የእመቤታችንን ሥዕል ይዘው የሚዘምሩ ሰዎች በሰልፍ ይሄዱ ነበር። በማግስቱ የእነሱም የእመቤታችን ክብረ በዓል ስለሆነ በእግር ወደ አንድ ገዳም ሊሳለሙ መሄዳቸው ነው። አንዳንዶቹ ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በባዶ እግራቸው ነበሩ። እናቴ እስኪያልፉ መኪናውን አቁማ አማተበች።

መንደሯ ትንሽ ናት። ቤተ ክርስቲያኗ ጉብታ ላይ ነች፤ ሙሉ በሙሉ ከእንጨት የተሠራች፣ የጠቆረች፣ ጣሪያዋ እስከ መሬት ሊደርስ ምንም ያልቀረው። እናቴ ከጉብታው ሥር ካለው ዛፍ ጥላ ውስጥ ፓርክ አደረገች። እትዬ ሃሊና መስኮቱን ዘግተው ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ። እናቴና እኔ ወጣን። በሩ ተቆልፏል፤ በፖላንድኛ የተጻፈች ወረቀት ተለጥፋበታለች። እኔ ተዘግቷል እንመለስ አልኩ። ርቦኝ ነበር። እናቴ ግን ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ ብላ የምትመለስ ሰው አይደለችም። ለእሷ የተዘጋ በርም ይሳለሙታል፣ ደጁም ደጅ ነው። ጫማዋን አወለቀች፣ ካልሲዋንም። ነጠላዋን በራሷ ላይ አድርጋ በሩን ሳመች፣ መድረኩ ላይ ቁጭ ብላ የዘወትር ጸሎቷን ጀመረች። ያ ጸሎት ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ አላውቅም፤ እኔ የበሩን ሙጫ እያሸተትኩ ጉንዳን መቁጠር ያዝኩ።

ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ቁልፉ ማን ቤት እንደሆነ ነበር። እንደዚህ ያሉ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ሁሌ ክፍት አይደሉም፤ ቁልፋቸው ከጎረቤት አንድ ሰው ጋ ነው የሚቀመጠው። እትዬ ሃሊና ይህን ያውቃሉ። የማያውቁት ቁልፉ አሁን ማን ጋ እንደሆነ ነው።

ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት ሽርጥ የታጠቁ አሮጊት እየተጣደፉ ወጡ። እጃቸው ላይ የኔን ክንድ የሚያህል ቁልፍ ይዘዋል። ጉብታውን ወጥተው የእናቴን ባዶ እግር፣ ነጩን ነጠላ፣ መድረኩ ላይ መቀመጧን አዩና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ቤተ ክርስቲያኑን መክፈቱን ትተው ክንዷን ይዘው ተነሺ፣ ነይ አሏት፤ በእግሯ የመጣች ተሳላሚ መስላቸው ነው። እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው፤ የእትዬ ሃሊና አፍንጫ፣ የእትዬ ሃሊና ቁጣ የሚመስል ደግነት። ክንዴን ጭብጥ አደረገችው። እኔም የእትዬ ሃሊና ዘመድ መሆናቸውን አወቅሁ። እናቴ ደግሞ ትልቅ ሰው ጎትቷት አልሄድም ማለት አታውቅም፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተከተለቻቸው።

ቤታቸው ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ለነገው በዓል የሚያስባርኩት ቅጠላ ቅጠል ተቆልሏል፤ እንስላል፣ የገብስ ዛላ፣ ስሙን የማላውቀው ቢጫ አበባ። እማማ ዞፊያ መጀመሪያ ያደረጉት በሳህን ለብ ያለ ውኃ አምጥተው እናቴ እግር ሥር መንበርከክ ነው። እናቴ ልትሞት ነው። ሰባ አምስት ዓመት የሆናቸው ሴትዮ እግሯን ሊያጥቧት! ሳህኑን ነጥቃ፣ እየለመነች፣ ራሷ ታጠበች። ቀጥሎ ወተት የገባበት ሾርባ መጣ። እናቴ "ፖስት" አለች። እማማ ዞፊያ ሊያጨበጭቡ ትንሽ ሲቀራቸው፣ እኔም እኮ ጾም ነኝ ብለው ደረታቸውን መቱ፤ ለእኔ ዳቦና የእንስላል ኪያር አቀረቡልኝ። ስድስት ሰዓት አልፎ ስለነበር በላሁ። ጣዕሙ ፎረስት ሎን ከምበላው ጋር አንድ ነው። ያኔ ነው መፍራት የጀመርኩት።

እማማ ዞፊያ አበባቸውን እያሰሩ ይጠይቃሉ፤ እናቴ ከእትዬ ሃሊና በለቀመቻት ፖላንድኛ ትመልሳለች። ከየት ነሽ? ኢትዮጵያ። ይህ እውነት ነው። ከየት ተነስተሽ ነው የምትሄጂው? ከሩቅ። ይህም እውነት ነው። ከዚያ ወደኔ ዞሩና አንቺስ አሉኝ። ካልጋሪ አልኳቸው። አላወቁትም።

"ካናዳ" አልኩ።

ካናዳ በእነሱም ቋንቋ ካናዳ ነው። ክሩን የያዘው እጃቸው ቆመ። እህት፣ ካናዳ፣ ሃሊና የሚሉትን ቃላት ለየሁ። እናቴን ፊት ለፊት እያዩ ሃሊናን ታውቂያታለሽ ነው የሚሏት። እናቴ ዓይኗን ሳህኑ ላይ ጥላ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች። ምላለች። አላውቃቸውም ብትል ውሸት ነው፣ አውቃቸዋለሁ ብትል ማርያምን ከዳች። እንደዚያ ተጨንቃ አይቻት አላውቅም። እማማ ዞፊያ ጠበቁ፣ ጠበቁና ፊታቸውን ወደኔ መለሱ።

እውነቱን ብናገር እትዬ ሃሊና ዳግመኛ አያናግሩኝም፣ እናቴ ከሥራዋ ትባረራለች። ብዋሽ ጾሜ ይፈርሳል፣ ስምንት ቀን ሙሉ የጾምኩት። ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መኪናው ውስጥ ያስማሉት እናቴን ነው። እኔን ማንም አላስማለኝም።

"ሃሊና አውቶ ውስጥ ናት" አልኩና በመስኮቱ ከዛፉ ሥር ወዳለችው መኪና ጠቆምኩ።

እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። የምትቆጣኝ መስሎኝ አንገቴን ሰበርኩ። አልተቆጣችም። ያን ጊዜ አልገባኝም እንጂ እፎይ ብላ ነው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

እማማ ዞፊያ ተነሱ። እጃቸውን ታጠቡ፣ በሽርጣቸው አደረቁ፣ ወጡ። እኛም ከኋላ። መኪናው ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የበሮቹ ቁልፍ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ እትዬ ሃሊና ከውስጥ ቆለፉት። ሁለቱ በመስታወቱ ተያዩ። እማማ ዞፊያ በቁልፉ ጫፍ መስታወቱን መቱት፣ ቀስ ብለው። መስታወቱ ሁለት ጣት ያህል ወረደ። በዚያች ክፍተት ቁልፉን አሾልከው ጉልበታቸው ላይ ጣሉላቸው። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ጉብታውን ወጡ፣ እናቴ የተቀመጠችበት መድረክ ላይ ቁጭ አሉ።

ምን ያህል ቆየን? እኔ ሰዓት መሰለኝ። በመጨረሻ የመኪናው በር ተከፈተ። እናቴ ዎከሩን ይዛ ሮጠች፤ እትዬ ሃሊና በእጃቸው ገፏትና ቁልፉን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ሣሩን እየጨበጡ፣ ሦስት ጊዜ እየቆሙ ብቻቸውን ወጡ። በሩ ጋ ደርሰው ቁልፉን ከተቱ። አልዞረም። እንደገና ሞከሩ። አልዞረም። እማማ ዞፊያ ሳያዩዋቸው ተነሱና በሩን በዳሌያቸው ገፋ አድርገው ወደ ላይ ደገፉት፤ እንጨቱ ስለጎበጠ ለአንድ ሰው አይከፈትም። ቁልፉ ዞረ። ሁለቱም ገቡ። እኔ ልከተል ስል እናቴ በቀሚሴ ያዘችኝ።

ውስጥ ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ጊዜ ጩኸት ሰማን፤ ከዚያ ዝምታ፤ ከዚያ እንደገና ጩኸት። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፣ እናቴ በሶዋን አልነካችም። ሲወጡ የሁለቱም ፊት አባብጦ ነበር፤ አልተቃቀፉም፣ እጅ ለእጅ አልተያያዙም። እትዬ ሃሊና በሩን ተደግፈው እናቴን ጠሯት።

"ዋይኒ፣ ሻንጣዬን አምጪልኝ። የኔን ብቻ።"

የእናቴ ስም ወይንሸት ነው፤ ዋይኒ ነበር የሚሏት። ያን ማታ እኛም እማማ ዞፊያ ቤት አደርን፤ እናቴ ሻንጣቸውን ከእንግዳ ቤቱ አምጥታ፣ እትዬ ሃሊና እዚያው እንደሚቀሩ ለልጃቸው ደውላ ነግራ፣ ጩኸቱን ሁሉ ጆሮዋ ላይ አስተናግዳ ዘጋች። አንቺ ነሽ ያሳመንሻት ብሎ ሥራ እንደሌላት ነገራት። እናቴ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ነገ መድኃኒቱን ማሳየት አለብኝ ብቻ አለች። እኔ ጥፋተኛ እንደሆንኩ ተሰምቶኝ ብርድ ልብስ ውስጥ አለቀስኩ። አብራኝ ተኛችና አንቺ ምንም አላጠፋሽም ብላ ጀርባዬን እየዳበሰች አስተኛችኝ።

ጠዋት ስነሳ እናቴ መድኃኒቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ የጠዋቱን ከማታው ለይታ ለእማማ ዞፊያ አስረድታ ጨርሳ ነበር። የቀረው እግር የሚያብጥ ሰው የሚያደርገው፣ እስከ ጉልበት የሚደርሰው ጥብቅ ካልሲ ነው። ክፉ ካልሲ ነው፤ ተገልብጦ፣ ተረከዙ ተስተካክሎ፣ እያሳሳቡ ነው የሚወጣው። እትዬ ሃሊና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ተንበርክካ የቀኙን አለበሰች። እማማ ዞፊያ በሩን ተደግፈው፣ እጃቸውን አጣምረው ያያሉ። እናታቸው ሦስት ዓመት የተኙበት አልጋ በዚያው ክፍል እንደነበረ እናቴ ነግራኛለች።

እናቴ የግራውን ስታነሳ እማማ ዞፊያ መጡ። ትከሻዋን ገፋ አደረጓት፤ የአልጋውን እግር ይዘው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ተንበረከኩ። ካልሲውን ተቀበሉ። መጀመሪያ ተረከዙ ጠመመባቸው። እትዬ ሃሊና እንደ ልማዳቸው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ወዲያው ገጠሙት። እማማ ዞፊያ አውልቀው እንደገና ጀመሩ። በሁለተኛው ቀጥ ብሎ ገባላቸው፤ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት በመዳፋቸው አስተካከሉት።

ከዚያ ቀና ብለው እናቴን ነገስ ብለው ጠየቋት።

በየቀኑ አለቻቸው እናቴ።

እማማ ዞፊያ የእህታቸውን እግር ሳይለቁ እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።